የእርጥቡ ጥግ ቢጫ አበባ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። የእድራችን አዳራሽ የተመረቀበትን ቀን ሊያከብሩ ነው፤ ወጣቶቹ ቪዲዮ እየሠሩ ነው። «እማማ፣ እርስዎ ከመሥራቾቹ ስለሆኑ ኢንተርቪው እናድርግዎት» አለችኝ። አማርኛዋ ደስ ይላል፤ እዚህ ተወልዳ ይህን ያህል መናገሯ የእናቷ ጉብዝና ነው። እሺ ልላት ስል፣ «ሶ፣ አንድ ያልገባን ነገር አለ» ብላ ቀጠለች። «መሬቱ ተገዝቶ፣ ኮንትራክተሩ ተይዞ፣ ፈቃዱ ወጥቶ፣ ከዚያ ዝም ብሎ አንድ ዓመት አለፈ። ለምንድን ነው? ስንጠይቅ ሁሉም ይስቃል እንጂ ማንም አይነግረንም።»  «እስኪ ላስብበትና እደውልልሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ማንም ያልነገራቸው እኔን ሸፍነው ነው። ስንቱ ነገር በተረሳበት በዚህ ዕድሜዬ፣ ይህች አንዷ ነገር አሁንም መግቢያ ታሳጣኛለች።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ናቸው፤ ዓመቱን ለይቼ አልናገርም፣ ዓመታቱ ተደባልቀውብኛል። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሲያትል ያኔ ለእኛ ትንሽ ከተማ ነበረች። ጃክሰን መንገድ ላይ ሁለት አበሻ ከተያየ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ወርዶ፣ ተሳስሞ ነበር የሚለያየው፤ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ቢነፋም ግድ የለንም። የመኪና ጋዝ ጋሎኑን በአንድ ዶላር ከምናምን ሳንቲም እንሞላለን። ወንዶቹ ትከሻው የወደቀ ሰፋፊ ጃኬት፣ እኛ ወገቡ ከእምብርት በላይ የሚወጣ ጂንስ እንለብሳለን። አሁን የልጅ ልጆቼ ያንኑ ጂንስ በውድ ገዝተው ሲለብሱት ሳቄ ይመጣል። አገር ቤት ለመደወል የስልክ ካርድ ገዝተን ቁጥሩን በጥፍራችን ፍቀን እናወጣለን፤ ወሬው ሳይጋመስ ያቺ የካርዷ ሴትዮ በእንግሊዝኛ ደቂቃችሁ አልቋል ትላለች። ካሴት በመኪና ሙቀት ይጣመማል፤ ዘፋኙ የሰከረ ይመስል እየጎተተ ሲዘፍን እኛ አብረን ጎተት እያደረግን እንዘፍናለን። ሬይኒየር ጎዳና ላይ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የቡታጅራ ሰው ትንሽ ሱቅ ነበሯቸው። በርበሬ፣ ምስር፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሁሉም ነገር አንድ መደርደሪያ ላይ ነው። ሥራ የፈለገም፣ ቤት የፈለገም፣ ሚስት የፈለገም መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነበር።

እኔ አገር ቤት ወልቂጤ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴ ጋር መጥተን ከሲያትል ወጣ ብሎ ቡሪየን ቤት ተከራየን፤ ሥራዬ ኤርፖርት አውሮፕላን ማጽዳት ሆነ። ተሳፋሪው ወርዶ ሌላው እስኪገባ ባለው ጊዜ፣ ወንበር ኪስ ውስጥ የተወሸቀ ሙዝ ልጣጭና መሐረብ እየለቀምኩ እሮጣለሁ። ሰማያዊ ሸሚዜ ላይ ስሜ ተጽፏል፤ ጽፈውት የነበረውም አሳስተው ነው። ግን የእድራችን ሰዎች፣ በተለይ ጋሽ ሸምሱ፣ «ቲቸር» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። «ቲቸር፣ ይቺን ወረቀት አንብቢልኝ። ቲቸር፣ ይህ መድኃኒት ለምንድን ነው?» ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ማንም ቀና ብሎ ሳያየኝ ውዬ እዚያ ሱቅ ስገባ ትከሻዬ ይስተካከል ነበር። ያቺን ስም ምን ያህል እንደምወዳት የገባኝ ኋላ ነው።

መልሼ ለማስተማር ፈቃድ አገኛለሁ በሚል ተስፋ ከሥራ በኋላ ኮሌጅ መማር ጀመርኩ። ከወሰድኳቸው ትምህርቶች አንዱ ስለ አካባቢው ነባር ዕፅዋት ነው። አስተማሪያችን ካረን የምትባል፣ ጫማዋ ጭቃ ተለይቶት የማያውቅ ረጅም ሴት ነበረች። በግንቦት አንድ ቅዳሜ ከሲያትል በስተደቡብ ካለችው ከታኮማ ከተማ በታች ወዳለው ሜዳ ወሰደችን። ይህ አገር ሁሉ ጥድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ድንገት ዛፉ አለቀና ሜዳው ተከፈተ። ካማስ የሚሉት ሰማያዊ አበባ ሞልቶት ከሩቅ ሲታይ ውሃ የተኛበት ይመስላል። ካረን ሣሩን በጫማዋ ፋቅ አድርጋ ጠጠሩን አሳየችን። በጥንት ጊዜ የበረዶ ግግር ሲቀልጥ ጥሎት የሄደ ነው አለች። ዝናብ ቢዘንብበት ወዲያው ወደ ታች ይሰርጋል፤ ስለዚህ ዝናብ በማያጣው አገር መካከል ደረቅ ሜዳ ሆኖ ቀረ። የአገሩ ነባር ሰዎችም በየጊዜው እሳት እየለቀቁበት ጥዱ እንዳይገባ ይከላከሉ ነበር፤ የካማሱን ሥር ቆፍረው ይበሉታል። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ በስላይድ አንዲት ቢጫ አበባ አሳየችን። ወርቃማ ብሩሽ ይሏታል፤ እውነትም ብሩሽ ቢጫ ቀለም ውስጥ ነክረው ያወጡት ትመስላለች። ግንዷ ጸጉራም ነው፣ ሲነኩት ይጣበቃል፤ ልትጠፋ የደረሰች ናት፤ በግዛቱ በጣት የሚቆጠር ቦታ ብቻ ቀርታለች፣ ያለችበትም ቦታ ታጥሯል አለች። «ምናልባት የሆነ ቦታ ካያችሁ፣ እባካችሁ ደውሉልኝ» አለችን። ያቺ ቃል ልቤ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

በዚያው ሰሞን እድራችን መሬት ገዝቶ ነበር። ለምን እንደገዛን መናገር አለብኝ። አንዲት እህታችን ወንድሟ አገር ቤት ሞቶባት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዋ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጠች። ሰው ክፍሉን ሞልቶ፣ ጫማው ኮሪደሩን ሞልቶ፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ እጃቸውን ቀበቷቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ሲቆሙ ሁሉም ጸጥ አለ። ጋሽ ሸምሱ ኮፍያቸውን አውልቀው ወጡና፣ «ሶሪ ሰር። ብራዘር። ዴድ» አሏቸው። ሐዘንተኛዋ አፏን በነጠላዋ አፍና ማልቀሷን ቀጠለች። ከዚያ ቀን በኋላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ሆነ፤ የራሳችን ቤት ያስፈልገናል። ጋሽ ሸምሱ ሲያፈላልጉ ከርመው ከታኮማ ወዲያ ድሮ ፈረስ ይረባበት የነበረ ሜዳ አገኙ። ዳገታማው ወገን ላይ አዳራሹ፣ ከታች በኩል ደግሞ ከዋናው መንገድ የሚያስገባው የመኪና መንገድ ይሠራል ተባለ።

ሥራው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ሁላችንም ምግባችንን ይዘን መሬታችንን ልናይ ሄድን። ወንዶቹ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ሆነው አዳራሹ ከዚህ እስከዚህ ነው እያሉ በእርምጃ ይለካሉ። እኔ ብቻዬን ወደ ታች ወረድኩ። ረባዳው ጥግ ላይ፣ ሣሩ መካከል፣ ቀጥ ቀጥ ብለው የቆሙ ቢጫ አበቦች አየሁ። ተንበርክኬ አንዱን ነካሁት፤ ግንዱ ጸጉራም ነው፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ልክ ካረን እንዳለችው። 

«ጋሽ ሸምሱ! ይምጡ፣ ይቺን አበባ ይዩ!»

እየተጣደፉ ወረዱ፤ ባለቤታቸው እትዬ ሩቅያም ልጃቸውን ሰሚራን ተደግፈው ቀስ ብለው ተከተሉ። እትዬ ሩቅያ ኩላሊታቸውን ታመው በየሁለት ቀኑ ደም ማጣሪያ ማሽን ላይ ነበሩ።

«ምንድን ናት ልጄ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ልትጠፋ የደረሰች አበባ ናት። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በባትሪ የሚፈልጓት ናት።»

«እኛ መሬት ላይ?»

«እኛ መሬት ላይ!»

ሰዉ ተሰበሰበ። የእድሩ ጸሐፊ ተሰማ፣ ሬንተን አውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራ ቁጡ ሰው፣ «ነገ ግሬደሩ ይገባል'ኮ። መንገዱ የሚያልፈው በዚሁ ላይ ነው» አለ።

«መግባት የለበትም» አልኩ። «ሕግ አለ። ካጠፋናት እንከሰሳለን።»

ስለ ሕጉ የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። አፌ ላይ እንደመጣልኝ ነው የተናገርኩት። ያ ሁሉ ሰው ክብ ሠርቶ እኔን ሲያይ፣ ልክ እንደ ድሮው ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት የቆምኩ መሰለኝ። እኛ ደግሞ እንከሰሳለን የሚል ቃል ከሰማን አለቀ፤ ግሪን ካርዱ ገና በእጃችን አልሞቀም። እትዬ ሩቅያ አበባዋን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ሌላው ያጠፋትን አላህ እኛ ዘንድ አስቀመጣት» አሉ። ሰሚራን ድንጋይ አስለቅመው በእጃቸው ዙሪያዋን ከበቡላት፤ ከሻርፓቸው ጫፍ ቀደው አንድ እንጨት ላይ አሰሩት። ጋሽ ሸምሱ በማግስቱ ለኮንትራክተሩ ኮል አድርገው ሥራውን አስቆሙት።

ለካረን ስደውል መልእክት መቀበያ ማሽኗ ነው ያነሳው፤ በጋውን ተራራ ላይ ተማሪዎች ይዛ ወጥታለች። ሜሴጅ ተውኩላት። ሳምንት ሳምንትን ተካ። ኮንትራክተሩ ሌላ ሥራ ይዞ ኤቨረት የምትባል ከተማ ሄደ። ተሰማ ባገኘኝ ቁጥር፣ «እሺ ቲቸር፣ አበባሽ ምን አለችሽ?» ይላል። እኔ ግን አልተጠራጠርኩም፤ እንዲያውም ጋዜጣ ላይ ስንወጣ ምን እንደምለብስ አስብ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ አይኔን ጨፍኜ ነው።

ካረን በሐምሌ መጨረሻ መጣች። እሑድ ነበር፤ ሰዉ ወሬውን ሰምቶ በሙሉ ወጥቷል። እትዬ ሩቅያ ብቻ አልነበሩም፤ ደክሟቸው ቤት ቀርተዋል። ካረን ድንጋዩን ተሻግራ ተንበረከከች፣ አጉሊ መነጽሯን አወጣች፣ አንዷን አበባ አገላብጣ አየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያየሁት ርኅራኄ ነው፤ ያኔ ነው የገባኝ።

«ይህቺ ከውጭ የገባች አረም ናት» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። «አየሽ፣ እዚህ ላይ ቢጫው ራሱ አበባው ነው። በወርቃማዋ ላይ ግን ቢጫው አበባውን የከበበው ቅጠል ነው። ብዙ ሰው ይሳሳታል።» ከዚያ ተነስታ ዙሪያውን ተመለከተች። ጫማዋን ከመሬቱ ስታላቅቅ በዚያ በጋ እንኳ ጭቃው ጧ አለ። «ደግሞ የቆምንበትን እዪው። ሸክላ ነው፣ ውሃ ቋጥሯል፣ ፈረስ ረግጦታል። ያቺ ደረቅ ጠጠር ነው የምትፈልገው። አበባውን ከማየትሽ በፊት መሬቱን ብታዪ ኖሮ አትሳሳቺም ነበር።»

«ምን አለች?» አለ ተሰማ።

ሌላ አስተርጓሚ የለም። ሁሌም የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ለአፍታ ያህል «ገና ይጠናል ትላለች» የሚል ቃል ምላሴ ላይ መጣ። ሰሚራ አጠገቤ ቆማ ማስቲካዋን ማኘክ አቁማ ታየኛለች፤ ሁሉንም ሰምታለች፣ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት። ግን እኔን ጠበቀችኝ።

«አረም ናት ትላለች» አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። «ከውጭ የመጣች አረም። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ያቺኛዋ እርጥብ አትወድም። አበባውን ከማየቷ በፊት መሬቱን ብታይ ኖሮ አትሳሳትም ነበር ትላለች።» ስለ ሌላ ሴት የማወራ ይመስል በሦስተኛ ሰው አደረግኩት። ስለ ሕጉም ጠይቂልን አሉኝና ጠየቅኩ። እውነተኛዋ ብትሆን እንኳ በግል መሬታችን ላይ ማንም እንደማይከሰን ነገረችኝ፤ ያንንም አስተረጎምኩ። ያኔ የሳቀ አልነበረም።

«አስተማሪ ናት ብለን!» አለ ተሰማ እጁን እያወናጨፈ። «ኮንትራክተሩ ሄዷል። ሌላ እስኪገኝ ዝናቡ ይገባል፤ በዝናብ እዚህ ጭቃ ላይ ማን መንገድ ይሠራል? ዓመቱ ተበላ። ለአረም!»

«ተሰማ» አሉ ጋሽ ሸምሱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ግሬደሩን ማን አስቆመው?»

«እሷ ናታ!»

«እሷ ስልክ አልደወለችም። የደወልኩት እኔ ነኝ። ጥያቄ ያለው እኔን ይጠይቅ።»

 ያን ቀን ሰድበውኝ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ስድብ ቢሆን አለቅስና ይወጣልኛል። እሳቸው ግን የእኔን ዕዳ በትከሻቸው አንስተው መኪናችን ድረስ ሸኙኝና፣ «አንድ ነገር ልለምንሽ» አሉኝ። «ለሩቅያ እንዳትነግሪያት። ያቺን አበባ ወዳታለች። በበሽታዋ ላይ ሌላ አልጨምርባትም።»

ከዚያ በኋላ ያሉት የመጸው ወራት በጣም ረጅም ነበሩ። የእድር ስብሰባ መሄድ አቆምኩ። ሱቁ በር ላይ አንድ ጎረምሳ «ሚስ ዊድ መጣች» ሲል ሰምቼ ሳልገባ ተመለስኩ፤ ወይዘሮ አረም ማለቱ ነው። ባለቤቴ በርበሬ ገዝቶ ይመጣ ጀመር። የኮሌጁን ትምህርት ሰበብ ፈጥሬ ተውኩት፤ ለካረን እንኳ ደህና ሁኚ አላልኳትም። እትዬ ሩቅያን ብቻ አልተውኳቸውም፤ ያውም ስለሚጠሩኝ ነው። ማሽኑ ላይ ውለው በተመለሱ ቀን በሰሚራ ያስደውላሉ። ስሄድ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይጠብቁኛል፤ መጀመሪያ የሚጠይቁኝም አንድ ነገር ነው።

«አበባችን እንዴት ናት?»

«አሁን ደርቃለች እትዬ ሩቅያ። ወቅቷ አልፏል።»

«በጋ ትመለሳለች?»

«ትመለሳለች።»

ውሸት አልነበረም፤ አረም ምን ጊዜም ይመለሳል። ግን ሰሚራ ከወጥ ቤቱ በር ቆማ ስታየኝ ሰውነቴ ሁሉ ይሸማቀቃል። ከዚያ እትዬ ሩቅያ ሌላ ወሬ ያነሳሉ። ስለ ወልቂጤ፣ ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ ደም ዓይነት፣ ስለ ኩላሊት ሥራ ይጠይቁኛል። «ኩላሊት እንዴት አድርጎ ነው የሚያጣራው? ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያወራው፤ አንቺ ንገሪኝ ቲቸር» ይላሉ። የወረቀት ፎጣ ላይ ሥዬ አስረዳቸዋለሁ። በዚያ ዘመን ቲቸር ብለው የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር።

በብርዱ ወራት መካከል እትዬ ሩቅያ ሞቱ። ቀብሩ በማግስቱ ሆነ፤ ለቅሶው ደግሞ እዚያው አፓርታማቸው ውስጥ። አዳራሹ ቢሠራ ኖሮ እዚያ ይሆን ነበር። ክፍሉ ስለጠበበ ሰዉ ደረጃው ላይ፣ ከዚያም ፓርኪንጉ ውስጥ ዝናብ ላይ ቆመ። አሮጊቶች የመኪና ውስጥ ሙቀት ከፍተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሴቶቹ እንዳለፈው ጊዜ እንዳይሆን ድምፃቸውን ዋጥ አድርገው ነው የሚያለቅሱት፤ ያ የታፈነ ልቅሶ እስከ ታች ይሰማል። ጋሽ ሸምሱ ጃንጥላ ይዘው እየወረዱ ዝናብ ላይ የቆመውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ «ቦታ ጠቦ ነው፣ አትቀየሙን» ይላሉ። ባለቤቴ ጋሽ ሸምሱን ሲያቅፍ እኔ ከኋላው ተደበቅኩ። ተሰማም እዚያ ነበር፤ አየኝና ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ።  ወደ ላይ መውጣት አቅቶኝ፣ ደረጃው ሥር ከተከመረው ጫማ አጠገብ ቆሜ ዋልኩ።

በግንቦት ወር አንድ ቀን በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል።

«ያቺን እውነተኛዋን ማየት እፈልጋለሁ» አሉኝ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ቦታው የታጠረ ነው። በፈቃድ ነው የሚገባው።»

«ለአስተማሪሽ ደውዪላታ።»

ለካረን መደወል ሞት ሆነብኝ፤ ግን እሳቸው በር ላይ ቆመው እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? ደወልኩ። ካረን ድምፄን ስትሰማ፣ «የት ጠፋሽ?» ብቻ ነው ያለችኝ። በሳምንቱ ወደ ኦሎምፒያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዘን ወርደን የአጥሩን በር ከፈተችልን። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ነፋስ አለው፤ ከዳር ዳር ጥዱ ቆሞ ይጠብቃል። ካረን ቦታውን አሳይታን ሌላ ነገር ልታይ ራቅ አለች። አበቦቹ ሣሩ መካከል እዚህም እዚያም ቆመዋል፤ ከስላይዱ ያነሱ፣ ግን ቢጫቸው የጠነከረ። ጋሽ ሸምሱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ቁጢጥ አሉና ረጅም ጊዜ አዩ።

«ሩቅያ ታውቅ ነበር» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ምኑን?»

«አረም መሆኗን። ሰሚራ የዚያኑ ቀን ማታ ነግራታለች። እኔም የሰማሁት ሆስፒታል ተኝታ ነው። ‹ታዲያ ለምን እንደማታውቂ ሆንሽ?› ብላት፣ ‹ልጅቷ እንደማውቅ ካወቀች አፍራ ትቀራለች። እኔ ደግሞ እንድትመጣ እፈልጋለሁ› አለችኝ።»

 እኔ እትዬ ሩቅያን በበሽታቸው እያጽናናሁ መስሎኝ፣ ያን ሁሉ ወር እሳቸው ነበሩ እኔን ሲያጽናኑ የኖሩት። ኩላሊት እንዴት ያጣራል ብለው የጠየቁኝም ምናልባት እያወቁ ነበር። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። ጋሽ ሸምሱ አይዞሽ አላሉኝም፤ አላዩኝምም። እስኪበቃኝ ጠበቁ።

«በይ አሁን አስረጂኝ» አሉ። «ይቺ ከዚያችኛዋ በምን ትለያለች?»

ካረንን ልጥራልዎት ልል ነበር። ካረን ሩቅ ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታናለች። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እኔን ነው የሚጠብቁት። አበባዋን አልነካሁም። አጠገባቸው ተንበርክኬ ሣሩን ገለጥ አደረግኩና አንድ እፍኝ ጠጠር አንስቼ መዳፋቸው ላይ አፈሰስኩት።

«ከዚህ ነው የሚጀምረው ጋሽ ሸምሱ» አልኩ።

ጠጠሩን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው እጃቸው ገለበጡት፣ በጣታቸው ፈተጉት።

«ደረቅ ነው» አሉ።

«አዎ» አልኩ። «ደረቅ ነው።»